ጉዳዩ

የማመልከቻ ቤት፣ በወረዳው አጥር፣
አንድ ጠረጴዛ ናት አንድ ጃንጥላ ሥር፤
የቱሉ ዲምቱ ነፋስ ወረቀት ይነጥቃል፣
ጠጠር ካልጫኑበት ጉዳይም ይሾልካል።

ሃያ ሁለት ዓመት ድርሰት አስተምሬ፣
መጣሁ አራት ገጽ ሙሉ ብሶቴን ቋጥሬ።
ጸሐፊዋን ሳያት ዘይቱና ኖራለች፤
ዘጠነኛ «ለ» ላይ እኔው ዘንድ ተምራለች።

ያኔ፣ «ለውሃ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ጻፉ» ብል፣
«እናቴ ደከማትና ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤
የቆመው ጄሪካኑ ብቻ ነው» ብላ አመጣች።
በቀይ ጻፍኩበት፦ «ወግ ነው። ጉዳዩ የታለ?»
ከአሥር ሦስት።

አሁን እሷ አራቱን ገጽ ባንድ ትንፋሽ አነበበች።
ሚስቴን ሰረዘች። ጉልበቴን ሰረዘች።
እግዜርንም።
«መምህር፣ ይሄ ለቅሶ ነው።
መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ‹ጉዳዩ› ካለው በታች አታነብም፤
ወዴት እንደምትመራው ከዚያች መስመር ነው የምታውቀው።»

አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ፦
«ጄሪካኑን ሦስተኛው ፎቅ ላይ አሳርፌ፣ አብሬው ተቀመጥኩ።»
«ይቺ ትቆይ» አለች፣ ሳትስቅ።

ሠላሳ ብር ከፈልኩ።
ከአሥር ስንት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።