ለሽቦ መቀመጫ

ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዝናቡ በታች፣
ጠረጴዛዬ ላይ ባለ አምስት እግር አንዲት መሰኪያ አለች።
ከበቆሎ ፍሬ እምብዛም አትበልጥ፤
አምስት ሽቦ ግን ነው እሷ ላይ 'ሚቀመጥ።

ናስር የባጃጁን ፍሬቻ ይዞ መጣ፤
«ትላንት የበየድሽው ዛሬ ዝናብ ጠጣ፤
ወደ ቀኝ ስታጠፍ ወደ ግራ ጠቀሰ፣
ትራፊኩ ሳቀ፣ ኪሴ ግን አለቀሰ።»

ጥፋቱ የኔ ነው? እስቲ ልቁጠር እጄን፦
ባንዱ ካውያ፣ ባንዱ ሊድ፤ ማን ይያዝልኝ ሽቦዬን?
ማንስ መሰኪያዋን፣ እንደ እንቁራሪት ስትዘል?
ሽቦውን በጥርሴ፣ ትንፋሼን በደረቴ ይዤ ስታገል፣
አንደኛው ያዘ ስል፣ ሁለተኛው ሲጠብቅ፣
አምስተኛው ጋ ስደርስ አንደኛው ሲለቅቅ፣
ፕላስቲኩ ቀልጦ እግሮቹ ሲያጋድሉ፣
ንፋስ እንዳገኘው ድንኳን ሊወድቁ ሲሉ፣
ሸምሲያ፣ የምትማረው ልጅ፣ የተቃጠለ ጣቷን
ውሃ ውስጥ ነክራ፦ «እቴ!
ይህን የሠራ ሰው በይዶ ያውቃል ወይ?
አያውቅም፣ በሞቴ።»

ያ ቃሏ ሌሊቱን ትራሴ ሥር አደረ።
እውነቷን ነው፤ የተሠራው ለማሽን ነው እንጂ ለእጅ መቼ ነበረ?
እኔ ለጣት ብሠራስ? ለሸምሲያ አውራ ጣት፣
መብራት ሲሄድ ካውያ ከሰል ላይ አግሎ ለሚሠራ ሰው፣ በሞባይል መብራት?

አባ ዱራ ሱቁ ከኔ ጎን ነው፤ በርጩማ ይፈለፍላል፤
ሦስት እግር ከአንድ ግንድ፣ ያለ ምስማር፣ ቀስ እያለ ያወጣል።
ሻይ ይዤ ሄድኩና ችግሬን ነገርኩት።
ዓይኑ አልደረሰላትም፤ መነጽሩን ገፋና በጥፍሩ ዳሰሳት።
«እንግዳ ሲመጣብሽ በሩ ላይ አቁመሽ
ማር ታጎርሺዋለሽ፣ ወይስ ትያለሽ ተቀመጥ አስቀድመሽ?
ሽቦሽ ቆሞ ቀርቷል፤ ስጪው እንጂ ወንበር፤
ከዚያ በኋላ ነው የሚቀርበው ማር።»

ነሐስ ከአሮጌ ቧንቧ ቆረጥኩ፤ ሞረድኩ፤
በየእግሩ ጫፍ ላይ፣ እንደ ጭልፋ ጎድጓዳ፣ ትንሽ ቦይ ቀደድኩ።
በጎኑ ጠባብ ስንጥቅ፤ ሽቦው ገፋ ሲያደርጉት የሚያዝበት፣
እጅ ቢለቀውም እንደ ሕፃን በአንቀልባ የሚቆይበት።
በአንድ መስመር አላቆምኳቸውም፤ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣
የአንዱ ግለት ለሌላው እንዳይደርስ በፍጹም።
መሠረቱን ከዋንዛ አባ ዱራ ጠረበልኝ፤
ሲግል ይጠቁራል እንጂ አይቀልጥም፤ አላሳፈረኝ።

ሦስቴ ተበላሸ። አንዴ ቦዩ ሰፋ፣
አንዴ ጠበበ፤ አንዴ፣ አልዋሽም፣ ከጠረጴዛ ወድቆ ጠፋ።

አራተኛው ላይ ሸምሲያን ጠራኋት።
ሽቦውን አስቀመጠች፤ ለቀቀችው። ቆመ።
ካውያውን አስጠጋች፤ ሊዱ ሮጦ ገባ፣ ቦዩን ሞላ፣ አንድ ጊዜ አብለጨለጨ፣ አከተመ።
ሁለት። ሦስት። አራት።
አምስተኛውን ስትበይድ አንደኛውን አየሁት፦
እንደ አባወራ ተቀምጧል፣ አልነቀነቀውም እሳት።

ናስር በሩ ላይ ቁልፉን እያሽከረከረ
«አለቀ?» አለኝ። «አለቀ» ልል ስል አፌ ላይ ቀረ።
ሽፋኑ!
ያ ትንሽ ጥቁር ሽፋን፣ ከሁሉ በፊት ሽቦው ላይ መግባት የነበረበት፣
እንዳልተጠራ ዘመድ ከጠረጴዛው ጫፍ ያየናል፣ በተረሳበት።
ከወዲያ አምፖሉ፣ ከወዲህ መሰኪያው፤ መግቢያ የለው፤
ሸምሲያ ሳቀች፤ ናስር ሳይገባው ሳቀ፤ እኔስ ምን ላርገው?

በናስትሮ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ወደ አጂፕ ሲታጠፍ አየሁ፤
ቀኙ ነው የጠቀሰ። ግማሽ ደስታ ይዤ ሱቄ ገባሁ።

አዌቱ በዝናብ ሞልቶ ሲያጉረመርም
እንደገና ወረቀት፣ እንደገና እርሳስ። ሰው መርሳቱ አይቀርም፤
ሽፋኑ ለሁለት ይሰንጠቅ፤ እንደ ባቄላ ገለፈት ይከፈት፤
ለዘገየ ሰውም ከጎኑ በር ይኑርለት።
ሸምሲያ ከትከሻዬ በላይ አየችና እርሳሱን ነጠቀችኝ፤
«ማጠፊያው ቀጥኗል» አለች፣ «ይሰበራል።»
እንደገና አስጀመረችኝ።