ሲሶ እና ሩብ

ኮቺ ነው ሰፈሬ፣ ከቆርቆሮው ደጄ፤
በርጩማ ስጠርብ፣ አርጅቷል ይህ እጄ።
ዋንዛን በሽታው ነው፣ ጥዱን በድምፁ ነው፣ የማውቀው ሳልነካ፤
ፊደል ላይ ስደርስ ግን፣ መሮዬ ዶልዱሟል፣ አይቆርጥልኝ ለካ።

ሂክማ አምስተኛ ናት። ካርዷን ስታመጣ
አውራ ጣቴ ነበር፣ ለፊርማ እሚወጣ።
«ጎበዝ» እላታለሁ፣ ቁጥሩን ሳላየው፣
ቀዩ ብዕር ይሁን ሰማያዊው፣ ለኔ ያው።
የማላውቀውን ነገር ምን ብዬ ልጠይቃት?
«አስተማሪ አላት» እያልኩ፣ ለመንግሥት ሰጠኋት።

ከግንቦት ማታዎች ባንዱ፣ አዌቱ ሞልቶ ሲያጓራ፣
መብራትም እንደ ልማዱ፣ ሄዶ ሰፈሩን በተራ፣
ከወጣት ክበቡ ሁለቱ፣ ቶፊቅና ድንቂቱ፣
ጫማቸው ጭቃ ጠጥቶ፣ በሬን መቱ።
ቶፊቅን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለ፣ ፍላጭ ሲሰርቅ ከጓሮዬ
ስንቴ አባርሬዋለሁ፣ በሽርጥ፣ ከነመዶሻዬ።
«መዋጮ ከሆነ፣» አልኩኝ፣ «ኪሴም እንደ መብራቱ ሄዷል።»
«ብር አይደለም አባ ሂክማ፣» አለች ድንቂቱ፣ «ተሳስተዋል።
ያ ፑል ቤት ተዘጋ አይደል? ቀበሌው ለኛ ሰጠን፤
ለልጆች ማጥኛ አደረግነው፣ ቀለም ቀባን፣ መስኮት ከፈትን።
መብራቱ ከሶላር ነው፣ ሰሌዳም ተገኝቷል፤
ሠላሳ ልጅ ግን ሲሚንቶ ላይ ቁጢጥ ብሏል።»

ሠራሁ። ስድስት አግዳሚ፣ ከትርፍራፊ ጣውላ፤
ቶፊቅ በባጃጁ ጫናቸው፣ እግራቸው ወጥቶ በኋላ።
«የፍላጩን ዕዳ ከፈልኩ» አለኝ።
የኔም ድርሻ እዚያው ያበቃ መሰለኝ።

«ቆይ» አለች ድንቂቱ። «ማታ ሂክማን ይጠይቋት።»
«ምን ብዬ? እኔ ማይም!»
«‹አስረጂኝ› ብቻ ይበሏት፤ መስማት ፊደል አይፈልግም።»

ያን ለት፣ እራት ተበልቶ፣
«አስረጂኝ» አልኳት። ዐይኗ እንግዳ አይቶ
እንደሚያፍር ልጅ ሆነ። ደብተሯን ገለጠች።
«ክፍልፋይ ነው» አለች።
«አንድ አራተኛ ትበልጣለች፣ ከአንድ ሦስተኛ፤
አራት ከሦስት ይበልጣላ!» ብላ፣ እርግጠኛ።
ሂሳቡን አላውቅም። ጣውላ ግን አውቃለሁ።
ከጥግ አንድ ስባሪ፣ መጋዜን አነሳሁ።
«ይህን ለሦስት ብንቆርጠው፣ ሲሶው ላንቺ ቢደርስሽ፤
ለአራት ብንቆርጠውስ፣ ሩቡ ነው ረዝሞ እሚታይሽ?»

ዝም አለች። በጣቷ ለካች፣ ደግማ ለካች።
ላጲስ አወጣች። አጠፋች። ጻፈች። ሳቀች።
እኔ ምንም አላልኩም። መጋዙንም አልነካሁት።
ራሷ ናት የቆረጠችው፣ ያን ስህተት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ለካ ስቆርጥ የኖርኩት
ሂሳብ ኖሯል፤ ስሙን ሳላውቅ አረጀሁበት።

ድሮ ኳስ ከኳስ ሲጋጭ፣ ስድብ ከስድብ ሲማታ
በሚያድርበት ቤት፣ አሁን የማባዛት ሰንጠረዥ ይሰማል ማታ።
ሸምሲያ ጎመን ሸጣ፣ ከመርካቶ ስትመለስ፣
ደጁ ላይ ትቀመጣለች፣ ልጇ የቤት ሥራውን እስኪጨርስ።
«ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሏት፦ «ምንም። እንዲያየኝ ነው» ትላለች።
ሲያዛጋ ቀና ይላል፤ እናቱ እዚያ አለች።
ሦስት ሰዓት ሲል ድንቂቱ፣ ባትሪ ይዛ ከፊት፣
ትናንሾቹን ታሻግራለች፣ የአዌቱን ድልድይ በሌሊት።

ሰኔ ላይ ካርዱ መጣ። ፊርማዬ ያው አውራ ጣት።
ግን ከመጫኔ በፊት፣ ቀዩን ቆጠርኩት፦ ሁለት።
«እነዚህን አስረጂኝ» አልኳት። አኩርፋ ተቀመጠች፤
አንዱን እያኮረፈች፣ አንዱን እየሳቀች ነገረች።

ሁሉም አልተሳካም። የአባ ፊጣ ልጅ፣ ናስር፣
ጫት ጭነት ላይ ውሎ ያድራል፤ ደብተሩ ቀረ አግዳሚው ሥር።
አባቱ «ብር ያመጣል» ይላል። እኔስ ምን ልፈርድበት?
«አስተማሪ አላት» ብዬ አልነበር፣ ያኔ የተኛሁት?
ስድስት አግዳሚ፣ ሠላሳ ልጅ፣ አምስት አምስት ባንዱ ላይ፤
ከዳር አንድ ቦታ ክፍት ነው፤ ማንም አይቀመጥም እዚያ ላይ።
ቶፊቅ ሦስት ጊዜ ፈልጎት፣ በባዶ ባጃጅ መጣ።
ነገ አራተኛው ነው። ዛሬ፣ ባጃጁን ቤንዚን አጠጣ።