የኮዬ ቅኝት

ከኮዬ ኮንዶሚኒየም ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
መብራት ሲመጣ ነው መምህሬ የሚነቃ።
"እምምም" ይላል፤ በቃ።
ትራንስፎርመር ነው፣
ዝናብ ያዛገው።

ሦስት ዓመት ቀዳሁት በተሰነጠቀ ስልክ፤
አዘግይቼ ስሰማው ያወጣል ሌላ መልክ፣
የሞላ ወንዝ ዓይነት።
ከጋሽ ቱፋ ወፍጮ በበርበሬ ቀን ወሰድኩ
የቀበቶውን ጩኸት፣ የሴቶቹን ሳል፤
(ጤፍ ሲፈጭም ሞክሬ ነበር፤ ድምፁ ይለሰልሳል።)
ክራሬንም በሚስማር፣ በብስክሌት ሽቦ
ወጠርኩት፤ ይነጫነጫል እንደ ልጅ ተርቦ።

"ቅኝቱ ምንድን ነው?" አለችኝ እህቴ፣
"ባቲ ነው? አንቺሆዬ?"
"ኮዬ" አልኳት፣ "ኮዬ!"
ሳቀች። ሳቋን ቀዳሁት፤
እሱንም ጨመርኩት።

ቅዳሜ ማታ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ለቀቅኩት።
"ጄኔሬተር ነው?" አለ ዘበኛው በላቸው፣
"ጸጥታም መብት ነው፣ ንገሩት እባካችሁ!"
ከታች ግን ሸማኔው ማሄ መወርወሪያውን ጥሎ፣
እንደ ዶርዜ ወጉ፣
ድምፁን እንደ ማግ በድሬ መሀል አሾልኮ
ገባ።
ከሴራሚክ ፋብሪካው ሊ፣ ፈረቃው አልቆ፣
የሻይ ፔርሙዙን በማንኪያ መታ፣ አጎንብሶ፣ ተጠንቅቆ።
የሊ አማርኛ ቁጥር ብቻ ነው፤
"ሰባት!" አለኝ። ለካ ሰባት ኖሯል፣ እኔ ሳልቆጥረው።

መብራት ሄደ።
መምህሬ ዝም አለ፤ ስፒከሩም አብሮ።
ጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣
"ያቺን የበርበሬዋን" አለ፣ በላቸው ነው፣
"እስኪ ድገሟት።"
ሊን አስነጠሰው።