ሃያ ስምንተኛው ተራ

ጫኔ ነው ስሜ። እናቴ ስታወጣው መቼ አወቀች፣
ገና በጨቅላነቴ ሸክሜን አብራ እንደጫነች።
ቅዳሜ ገበያ ነው እንጀራዬ፣ ከእህል በረንዳው ደጃፍ፣
ኩንታል ወርዶ ኩንታል ሲነሣ፣ አንገቴን ሰብሬ ሳልፍ፤
አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን አቧራዬን አራግፌ፣
ከልጆች ወንበር እቀመጣለሁ፣ ጉልበቴን በግድ አጥፌ።

መምህርታችን ማዘንጊያ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ናት፤
«ሐ እኮ ባለሦስት እግር ነው፣ አንዱን የት አደረሱት?»
ትለኛለች ሳትስቅ። ከኋላ የሚስቀው አዛነው ነው፤
የእሱ «መ» ደግሞ መነጽር ነው፣ ያውም የተሰበረው።

በመጀመሪያው ቀን ጠየቅኋት፦ ስሜ የቱ ጋ ነው ያለው?
ጣቷ ገበታውን ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ።
«ኔ ከአሥራ አራተኛው፣ ጫ ከሃያ ስምንተኛው።
ከፈለጉ ዛሬውኑ ልጻፍልዎ፣ አይተው ይገልብጡት።»
እንቢ አልኩ። ተሸካሚ ነኝ፤ ተራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤
መኪና ሲቆም ዘሎ የገባ ምን እንደሚባል ሰምቻለሁ።
ፊደሉ ተሰልፎ ቆሟል፤ እኔም ከጭራው እቆማለሁ።

በጥቅምት «ረ» ላይ ነበርን፤ «ቀ» እና «በ» በኅዳር፤
እትዬ ጓዴ ለአጨዳ ሄዳ ስትመለስ ሁሉም አዲስ ነበር።
በታኅሣሥ «ኔ» መጣች፤ የስሜ ጅራት፣ ራስ የሌላት፤
ሳምንቱን ሙሉ ጻፍኋት፤ ሚዛኑ ላይ ሳይቀር በከሰል ጫርኋት።

ከዚያ ጥምቀት ሆነ። ጎንደር በእንግዳ ተጥለቀለቀች፤
እኔም ከመናኸሪያ ፒያሳ ሻንጣ፤ ክፍላችንም ተዘጋች።
ስንመለስ «ለ» ጠፋኝ። «ለ»! ሁለተኛው ፊደል!
ጀርባ የተሸከመውን አይረሳም፤
ጭንቅላት ግን እንደ ቀዳዳ ጆንያ መንገድ ለመንገድ ያፈሳል።
ማዘንጊያ ምንም አላለች፤ ጣቷን ወደ ላይ መለሰች።
ያን ማታ ቀሃ ድልድይ ላይ ቆምኩ፣ ደብተሬን ልወረውር።
ሃያ ብር የገዛሁት ነው። ተውኩት።

በግንቦት፣ መብራት በጠፋበት ማታ፣ በስልክ ባትሪ ጭላንጭል
«ጨ» ደረሰ። አራተኛዋን ፈለግኋት።
ቀኝ እግሯን አርዝማ መሬት የረገጠች፣
ኩንታል ሊያነሣ ወገቡን እንዳዘጋጀ ሰው የቆመች።
ይቺንስ አውቃታለሁ አልኩ፤
ሠላሳ ዓመት እንዲህ ቆሜያለሁ።

ቅዳሜ የደመወዝ ቀን ነው። ሒሳብ ሹሙ ቀና ሳይል
የቀለሙን ሙዳይ ገፋልኝ፤ አውራ ጣቴን ለምዶታል።
«እስክሪብቶ» አልኩት።
ከኋላዬ ሰልፉ አጉረመረመ፣ አንዱ «ፀሐይ ገባች!» አለ፤
«ጫ»ን አቆምኳት፤ እጄ ላቡን በወረቀቱ ላይ ጣለ፤
«ኔ» ግን ቦታ ጠበባት፣ ከመስመሩ ተንሸራታ
ከአዛነው ደመወዝ ላይ አረፈች።
«ከመስመር ወጥተሃል» አለኝ ሒሳብ ሹሙ።
«ገና ነኝ» አልኩት፣
«አምስት ተራ ይቀረኛል።»