ጠብቆ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ድሬዳዋ፤ ቆርቆሮው የሚንጣጣበት፣
ፍየል እንኳ በደቻቱ አሸዋ ጥላ ፈልጋ የምትተኛበት።
እኔ ቤተ መጻሕፍት ነኝ፤ ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍል፤
ድሮ የባልዲና የመጥረጊያ ነበረች፤ በሯ ላይ ዛሬ
ረጅም ስም ተለጥፏል አሉኝ።
እኔ ግን በሽታዋ ነው የማውቃት፦ በረኪና።
(ሽን አላላ፣ ታን አጥብቅ፤ አለዚያ ክፍሏ ትታመማለች።)

መሣሪያው ባለፈው ጥር መጣ፤ ሣጥኑን ሲከፍቱ ፎቶ ተነሡ፤
ምክትል ፕሬዚዳንቱ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ "አይዞህ" ብለው ረሱ።
ስካነር፣ ኮምፒውተር፣ ማዳመጫ፤ ግራ ጆሮው የማይሰማ፤
አንዲት ድምፅም አብራ መጣች፤ የማትደክም፣ የማትጠማ።

እንግሊዝኛ ስታነብ ቁልቁለት እንዳገኘ ውኃ ነች፤
አማርኛ ላይ ስትደርስ ግን፣ የሰው ቤት በጨለማ እንደገባች፣
ሁሉን እኩል ትረግጣለች።
ማጥበቅ አታውቅ።
ሕጉ "ሰፊ መብት" ቢል፣ ልብስ ሰፊ አድርጋ አነበበችው፤
"ዋና ጸሐፊ" ቢል፣ ሰውዬውን በደረቅ ደቻቱ አዋኘችው።
ሳቅን። አብዲሸኩርም ሳቀ፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ እስኪንቋቋ፤
የሱ መጽሐፍ ፎቅ ላይ ነው፣ እሱ ምድር ላይ፣
ሊፍቱ ደግሞ ወረቀት ላይ።

ማክሰኞ ነበር።
አባቴ ሐረር ሆስፒታል ከተኛ ሦስተኛ ቀኑ።
ስልኬ ነዘረኝ፤ ከእህቴ ከልኬለሽ፤
ስልኬም ላይ ያችው ድምፅ ናት።
"አባባ አለ። አትስጋ።"
አላልታ አነበበችው።
አባባ አለ... ምን አለ?
ቀሪውን ጠበቅሁ። ቀሪ የለም።
"አትስጋ" ነው ቃሉ? ኑዛዜው ነው? ብሎ ነው ያለፈው?
በዚያ ሐሩር ላቤ በረደኝ። ደግሜ ነካሁት፤ ደገመችው፤
ሦስቴ፣ አራቴ፣ ያንኑ የላላ ቃል፣
ያለ ርኅራኄ፣ ያለ ክፋትም።

"ሪሃና!" አልኩ። መታወቂያ ተቀብላ ማዳመጫ የምትሰጠው ናት።
"በአፍሽ አንብቢልኝ።"
ስልኩን ወሰደች። ዝም አለች።
(የሚያዩ ሰዎች ሲያነቡ መጀመሪያ ዝም ይላሉ፤
ያ ዝምታ ስንት ዓመት እንደሚረዝም አያውቁትም።)
ከዚያ ያችን "ለ" በምላሷ ይዛ
እንደ ግመል ጭነት ጠፍንጋ አሰረቻት፦
"አባባ አልለ! አለልህ እኮ፣ ምን ሆነሃል?"
የማያይ ዓይን ማልቀሱን ግን ያውቅበታል።

ከዚያ ወዲህ ሪሃና መጻሕፍት ታበላሻለች።
ስካነሩ የለቀመውን ገጽ ማታ ማታ ትቀመጥበታለች፤
የሚጠብቀውን ፊደል መንታ አድርጋ ትጽፈዋለች፦
"አልለ"፣ "ሰፍፊ"፣ "ዋንና"፤
ለዓይን ስሕተት፣ ለጆሮ ቀና።
የወንጀል ሕጉን በአሥራ አንድ ሌሊት ጨረሰችው፤
ትርፍ ሰዓት የሚባል አልተከፈላትም።

አንድ ቀን አለቃዋ አቶ ገረመው ከኋላዋ ቆመው አዩ።
"ይኼን ማነው የጻፈው? ፊደል ያልቆጠረ ሰው?"
"የቆጠረ ነው እንጂ" አለች፣
"የተደበቁትንም ጨምሮ።"
ጫማቸው ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ ወደ ላይ ሄደ፣
ደረጃ በደረጃ።

አሁን መብራት ጠፍቷል። ቬንትሌተሩ አቃስቶ ቆመ።
ያቺ ድምፅ በግማሽ ቃል ላይ ሞተች፤ በ"ተከሳ—"።
ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ፤ ከመጋላ በኩል አዛን።
አብዲሸኩር ይጠብቃል፣ መጽሐፉን የሚያወርድለት ሰው።
እኔም መብራቱን።
"ሪሃና፣ 'ይጠብቃል'ን እንዴት ትጽፊዋለሽ?
ሰውም ይጠብቃል፤ ገመድም ይጠብቃል።"
በጨለማው ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል።
"መብራት ይምጣና እናያለን"
አለች።
(ይህችን እንደፈለግህ አንብባት፤ አጥብቀህም፣ አላልተህም፤
ሁለቱም ልክ ነው።)