ሦስቴ የመጣችው

ሩስታቪ፣ ከመኪና ገበያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ የሚቀጠቀጥበት ጓሮ፤
በመርከብ ተጭኖ ይመጣልኛል የሌላ አገር ሰው ስብርባሪ ኑሮ።
እዚህ ነው የምሠራው፤ መዶሻ በእጄ፣ ስቱኮ በጥፍሬ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አደጋ ስልግ፣ ስቀባ፣ ሳቃና ኖሬ።

ገዢ ሲመጣ ጎማ ይረግጣል፤ ኮፈን ያስከፍታል፤
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ንስሐ፣ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦
«ይቺ ዓይነቷ… ትጋጫለች አሉ። እውነት ነው ኑግዛር?»
እጄን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ሻጭ ነኝ፣ ምን ብዬ ልናገር?

«ቀይ ቀለም ደም ይጠራል» ይላል ጎማ ሻጩ አንዞር፤
«የለም፣ ጥቁሩ ነው፣ ሌሊት ይውጠዋል» ይላል ከጎኑ ቴሙር።
ማኩና ደግሞ፣ ኢንሹራንስ ቤት የምትሠራው የእህቴ ልጅ፣
«ቁጥር አለ አጎቴ፣ አምድ በአምድ፤ ቀለም አይደለም እንጅ።
ብዙ የሚሸጠው ብዙ ይጋጫል፤ ነጭ ሚኒባስ ከምድር በዛ፤
ግን ፈጣኗን ማን ፈለገ? ማን ነው ተበድሮ የገዛ?
እሱን ጠይቅ።»
ሻይዋን ሳትጨርስ ትሄዳለች።

ግን ብርማዋ።
ብርማዋን ምን ልበል? ሦስት ጊዜ መጣችብኝ፤
እንደ ባለዕዳ ደጄ ቆማ፣ በአንድ መብራቷ አየችኝ።

አንደኛ፣ ከመርከብ ወርዳ፤ ግራ ጎኗ ወደ ውስጥ ገብቶ፣
በወንበሩ ስንጥቅ የሕፃን ካልሲ ተሰክቶ።
የማን እንደሆን ማን ያውቃል? ውቅያኖስ መሐል አለ፤
አጥቤ ሰቀልኩት፤ ይኸው እስካሁን ምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ።
አቃናኋት፤ ቀባኋት፤ እንደ ሙሽራ አብለጨለጭኳት፤
ስለ ካልሲው ትንፍሽ ሳልል፣ ቁርጥ ዋጋ ጠርቼ ሸጥኳት።

ሁለተኛ፣ በኅዳር ዝናብ፣ ከኮጆሪ ቁልቁለት፤
ባለቤቷ የጥርስ ሐኪም፣ ጎማዋ ጥርስ ያለቀበት።
«ያዳልጥ ነበር እንጂ» አለኝ፣ «እኔማ ቀስ ብዬ ነበር።»
ሁሉም ቀስ ብሎ ነበር። ፈጥኖ የነበረ ሰው በዚህ በር
አልገባም።

ሦስተኛ፣ የወይን ለቀማ ሰሞን፣ ሌቫኒ ነዳት፣ የአንዞር ልጅ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ በእጁ ስልክ፣ በሆዱ አዲስ ወይን ጠጅ።
ነፍሱ ተርፋለች። ቀኝ እግሩ ግን ዛሬም አይታዘዘውም፤
አባቱ መጥቶ ብርማዋ ፊት ቆመ፤ ቃል አልወጣውም።
ከዚያ የጎማ ብረት አንስቶ መታት፣ ደጋግሞ፣ እንደ ክፉ ከብት፣
«ገፊ! ሰው በላ! ምን በደልኩሽ?» እያላት።
«አቃጥላት ኑግዛር፣ ከነዘሯ የተረገመች ናት!»
ዘሯማ አርባ ሆኖ ገበያው ላይ ቆሟል፤ ሻጭ አንዷን ሲሸኛት፣ ሌላዋን ሲወለውላት።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ባትሪ ይዤ ከሥሯ ገባሁ፤
ፍሬኗን አየሁ፣ መሪዋን አየሁ፣ ብሎኗን አንድ በአንድ ነካሁ፤
ክፋት ስፈልግ አነጋሁ፣ ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው ዳርቻ፤
ያገኘሁት ዘይት ነው። ዘይትና የመንገድ አቧራ ብቻ።

ግን ቁልፉን ሳዞር፣ አቤት ድምፅዋ!
እግሬን ይለምናል፤ «ጥቂት» ይላል፤ «ጥቂት ጨምር»፤
እኔም፣ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ፣ ሬሳ ሳጥን ስጠጋግን የምኖር፣
ጨመርኩ።
በባዶ ግቢ፣ በር ተዘግቶ፣ ፍሬን እንደያዝኩ።
ያኔ ፈራኋት። ወይስ የፈራሁት እግሬን ነበር?

ላማራ አለች ደግሞ፣ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ፤
ኒቫዋ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጭረት አታውቅም፤ ቢያያት ያፍራል መርማሪ።
በሃያ ትሄዳለች፣ በመንገዱ መሐል፣ ጠመዝማዛው ላይ አበባ ስታይ፤
ከኋላዋ ሰባት ሰው ተጋጭቶ መጥቶልኛል፤ ሰባቱም «ላልፋት ስል» ባይ።
ኒቫዋ ከደሙ ንጹሕ ናት፤ መዝገብ ላይ ስሟ የለም፤
ማኩና፣ ይቺን በየትኛው አምድ ትጽፊያታለሽ? ብዬ አልጠየቅሁም።

ዛሬ ጠዋት አንድ ጎረምሳ መጣ፣ ከቴላቪ፣ ከእጮኛው ጋር፤
ጎማ ረገጠ። ብርማዋን ዞራት። «ትጋጫለች አሉ፤ እውነት ነው ኑግዛር?»
«ጫማህ ስንት ቁጥር ነው?» አልኩት።
ሳቀ። «አርባ ሦስት።»
እኔ አልሳቅኩም፤ ምስማሩን አየሁት።