ቁጥር አንድ ሺህ አንድ

ስሙን ከመዝገቡ የፋቅሁት እኔ ነኝ፣
አክስቴ ማዳቪ «አጽዳልኝ» ብትለኝ።
አጎቴ ኩንጃምቡ በሞተ በወሩ፣
በፓያኑር ዝናብ ሲታጠብ ሰፈሩ፣
ፎቶ ቤቱ ጓዳ፣ ከመደርደሪያው ሥር፣
ኡቡንቱ ለጫነ አሮጌ ኮምፒውተር
«ተጠቃሚ ሰርዝ» ብዬ ትዕዛዝ ሰጠሁ፤
አንድን ሰው በአንድ መስመር ከቤቱ አስወጣሁ።

ፋይሎቹ ግን ቀሩ፤ የሃያ ዓመት ሰርግ፣
ሕፃን ሩዝ ሲቀምስ፣ የምርቃት ወግ።
በባለቤት ዓምድ ላይ፣ ስሙ ከነበረበት፣
አንድ ሺህ አንድ ይላል፤ ቁጥር፣ ያለ ሰው ፊት።
ለካስ ማሽን ድሮም የሚያውቀው ቁጥሩን፣
ለእኛ ዓይን ብሎ ነው የሚያለብሰው ስሙን።

አክስቴ በአዲሱ መለያዋ ገብታ
አቃፊውን ነካች፣ ጣቷን አመንትታ፤
«ፈቃድ የለዎትም።»
«ማነው ከልካዬ?» አለች፣ «የገዛ ባሌ ነው?»
ምን ልበላት? ዝም አልኩ። ዝናቡ መለሰው።

«ቀላል ነው» አልኳትና ጻፍሁ በችኮላ፣
ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት፤ የለም ከዚያ ሌላ፤
ሁሉም ያነበዋል፣ ይጽፍበታል ሁሉም።
«ሁሉም ማነው?» አለች። እኔም አላውቀውም።
ማታ ማታ ጌም ሊጫወት የሚመጣ የጎረቤት ልጅ፣
የአታሚው ጠጋኝ፣ የእንግዳ መለያ፣ የማናውቀው እጅ።
«ይህ አደራ ነው። ሳሮጂኒ እንኳ፣
ባሏን ጥላ በሄደች ሰሞን የተነሳችው፣
ፊቷ ያበጠበት አለ። አጎትህ ለፖሊስ ብቻ ነው ያሳየው።»
ሰባቶቹን አጠፋሁ።

ቀጥዬ «ባለቤት ለውጥ፣ እስከ ታች ድረስ» ብዬ፣
የአቃፊውን አድራሻ ልጽፍ ተቻኩዬ፣
ከመጀመሪያዋ እዝባር ኋላ ባዶ ቦታ አገባሁ።
«ሳትጫን አንብበው፣ ጮክ ብለህ» አለችኝ።
አነበብኩ። ድምፄ መሃል ላይ ታነቀብኝ፤
ያ ባዶ ቦታ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ፣
ማሽኑን ከነሥሩ አናግቶ፣ በጨለማ ሊያስቀምጥ።
ጣቴን ከቁልፉ ላይ እንደ እሳት አነሣሁ።

ከዚያ በዝግታ። ቅጂው በሌላ ዲስክ።
የፎቶውን አቃፊ ብቻ፣ እሱንም ደግሜ አይቼ፣
ለማዳቪ ሰጠሁ፣ ቁጥሩን አንስቼ።
ለአቃፊው ሰባት፣ ካልገቡ አይታይምና፤
ለፎቶው ስድስት፣ ፎቶ አይሮጥምና፤
ለሌላው ሰው ዜሮ። ዜሮም አጥር ነው ለካ።

አንዱን ግን «ተወው» አለች፣ እጄን ይዛ።
የኢዢማላ ባሕር፣ እሷ በጀርባዋ፣ ሳሪዋን ነፋስ ይዞት።
«አይከፈትልሽም» አልኳት።
«አውቀዋለሁ። እሱ ያነሳው ነው፤ በስሙ ይቆይ።»
«ስም የለውም፤ ቁጥር ነው።»
«ቁጥሩ ይቆይ።»

ቆይታ ጠየቀች፦ «ነገ ሰው ቢመጣ፣
ለአዲስ ገቢ ይሆን ቁጥሩ የሚወጣ?»
አዎ፣ አልኳት። ባዶ ነው ብሎ ይሰጠዋል፤
ያ እንግዳ ሳያውቀው ፎቶውን ይወርሳል።

መሳቢያ ከፈተች። በማላያላም ጽፋ
ከስክሪኑ ግርጌ ወረቀት ለጠፈች፦
«አንድ ሺህ አንድ። ሰው አለበት።»